የዘገዩ ድንጋዮች

የስልክ ማማው ጠባቂ የተገኘው ረቡዕ ጠዋት፣ ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱ ላይ የተመታበት ብረት በአካባቢው አልነበረም። በማማው ሥር ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ስምንቱም ትላልቅ ባትሪዎች ተነቅለው ተወስደዋል፤ መደርደሪያው ላይ የቀረው የአቧራ ቅርጻቸው ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መቁጠር ነበር። ከበሩ እስከ ሟቹ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ ከሟቹ እስከ ጎማው አሻራ ዘጠኝ። ሰውዬው ሳይቆጥር ውሎ አያውቅም። ደረጃ ሲወጣ ደረጃውን፣ ሰው ሲያናግር የሸሚዙን ቁልፍ ይቆጥራል። ጣቢያው ውስጥ ከኋላው «አባ ቁጥር» ይሉታል። እሱም ያውቃል፤ ስንት ሰው እንደሚለው ጭምር።

አሻራው ሰፊ ነበር፤ ጥርሱ ትልልቅ፣ ጠርዙ ገና ያልተበላ አዲስ ጎማ። መኪናው ወጥቶ፣ እቃ ጭኖ፣ ዞሮ ወርዷል።

ሬሳውን ያገኘው ፈረቃ ሊቀይር የመጣው ሌላው ጠባቂ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን ያሻል።

«ማማው ትናንት ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጠፋ» አለ። «ከተማው ሁሉ ስልክ አጣ። እኔ ባትሪው ደክሞ ነው ብዬ ነበር።»

«ጄኔሬተሩ ሁልጊዜ ይሠራል?»

«ኧረ የለም። በቀን ሦስት አራት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ብቻ ነው የሚነሣው። ቀሪውን ባትሪው ይሸከመዋል።»

አባ ቁጥር ወደ ጄኔሬተሩ ሄደ። ቁልፉ እንደተከፈተ ነው። የነዳጅ ክዳኑን ፈታና ቀጭን እንጨት ሰደደ፤ እንጨቱ ደርቆ ወጣ። ደብተሩ ላይ «ክፍት፣ ደረቅ» ብሎ ጻፈ።

ፈረቃ ቀያሪው ከሟቹ ጋር ባለፈው ወር መጣላቱ ስለታወቀ እስከ ቀትር ድረስ እንደ ተጠርጣሪ ቆየ። ኋላ ግን ሚስቱ እሑድ ምጥ ይዟት እሱም እስከ ማክሰኞ ማታ ከሆስፒታል እንዳልወጣ ሁለት ነርሶችና አንዲት ቁጡ አማት መሰከሩለት። አማቲቱ ብቻዋን ትበቃ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዛዡ ኢንስፔክተሩን ቢሮው አስጠራው። አዛዡ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያንሰዋል፤ ሪፖርት መጻፍ ያስተማረውም አባ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰው ፊት «አዛዥ» ይለዋል፤ በሩ ሲዘጋ «አንተ» ነው።

«ጋሼ፣ ነገሩ አለቀ» አለ አዛዡ በሩን ዘግቶ። «እዚህ ከተማ እንደዚያ ያለ ጎማ ያላት አንዲት መኪና ናት። የመንገድ ጥናት ቢሮው ነጭ የመስክ መኪና። ጎማዋን የቀየሩላት በዚሁ ሳምንት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሾፌሯ ከጋራዥ አወጣቻትና ብቻዋን ወደ ወንዙ ካምፕ ሄደች። መንገዷ በማማው መገንጠያ በኩል ነው። ማክሰኞ ቀትር ላይ ማማው ጠፋ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«ካምፕ መድረሷን ያየ ሰው የለም?»

«ሠራተኞቹ ወንዝ ዳር ነበሩ። ዕቃውን አራግፋ ተመልሳለች። ስንት ሰዓት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ይሄን ይዩት ግን።» የስምሪት መዝገቡን ገፋለት። «ካምፑ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ ሁለት መቶ አርባ። መኪናዋ የቆጠረችው ሁለት መቶ ሰማንያ። አርባው የት ሄደ?»

«ከመገንጠያው እስከ ማማው ስንት ነው?»

«ሃያ ገደማ።»

«ገደማ የሚባል ቁጥር የለም። አሥራ ስምንት ነው፤ ዛሬ ስወጣ ቆጥሬዋለሁ። ደርሶ መልስ ሠላሳ ስድስት። አራቱስ የት ሄደ?»

አዛዡ ግንባሩን ያዘ። «ለአራት ኪሎ ሜትር ብዬ ነፍሰ ገዳይ ልልቀቅ? ፋይሉ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይደርሳል።»

«እኔ አልፈርምበትም።»

«መርማሪው ሳይፈርም አይሄድም።»

«አውቃለሁ። አንተን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለና ወጣ።

ሾፌሯ በምርመራ ክፍሉ ወንበር ላይ መሪ እንደያዘ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ እጆቿ በካቴና የታሰሩ። አዛዡ እንድትፈርም የተወላት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ የለም። አባ ቁጥር ሲፈልግ አራት ቦታ ታጥፎ ከጠረጴዛው አንድ እግር ሥር ተሸጉጦ አገኘው። ጎንበስ ብሎ አነበበው፤ «ለግል ጉዳይ ወደ ማማው ታጥፌ ነበር፤ ሰው ግን አልነካሁም» ይላል።

«ጠረጴዛው ይወዛወዝ ነበር» አለችው። «አሁን ቆሟል።»

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ያዘው። «ወደ ማማው ታጥፈሻል?»

«አልታጠፍኩም።»

«ለሽንትም፣ ለምንም?»

«ለሽንት ብሎ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ዳገት የሚወጣ ሰው ካለ አሳዩኝ።»

«ታዲያ አርባው ኪሎ ሜትር ከየት መጣ?»

«እኔ የምነዳው መኪና ነው እንጂ ቁጥር አይደለም። ለምን እንዳበዛች እሷን ይጠይቋት።» ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። «ኢንስፔክተር፣ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። ወንዶቹ የሚያለቅሱበትን ጭቃ ወጥቻለሁ። አለቃዎ ይሄን ብትፈርሚ ይቀልልሻል አለኝ። ለእሱ ይቀልለዋል፤ ለእኔ አይቀልም። ቀጥ ብዬ ሄድኩ፣ ቀጥ ብዬ መጣሁ። ብትሰቅሉኝም አልታጠፍኩም።»

አባ ቁጥር ወረቀቱን ከጠረጴዛው እግር ሥር አላወጣውም።

ሐሙስ ጠዋት ጋራዡ ሄደ። ጋራዡ ከከተማው መውጫ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹ ከዜሮ የሚጀምሩበት ቦታ ላይ ነው። ባለቤቱ ሽበታም መካኒክ ነው፤ ጣቶቹ ጥቁር ግራሶ ጠጥተው መታጠብ የተዉ። ከፍተኛ ድምፅ አለው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሞተር ላይ ሲጮህ የኖረ ነው።

«ያቺ መኪና? ኮሮናዋን እኔ ነኝ የቀየርኩላት!»

አባ ቁጥር ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

መካኒኩ እየሳቀ ከዘይት በርሜል ላይ በዘይት የተነከረ፣ ጥርስ ያለው ትልቅ የብረት ቀለበት አነሣ። «በሽታው አይደለም ጌታው! ኮሮና ይሄ ነው፤ ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ትልቁ ጥርስ። ትልቅ ጎማ ሲገባላት መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፤ ዳገት ላይ ታቃስታለች። ስለዚህ የፊቱንም የኋላውንም ጥርስ መቀየር ነው። አርባ አንድ በአሥር ነበረች፤ አርባ ሦስት በዘጠኝ አደረግኳት። አሁን ግድግዳ ትወጣለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አዲስ ጥርስ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፣ አይቸኮልበትም። እስኪላመድ ቀስ ነው። ሾፌሯን ስልሳ ላይ ይዘሽ ሂጂ፣ እንዳታልፊ ብያታለሁ። እሷ ደግሞ ቃል ትሰማለች። እሷ ሰው ትገድላለች? ስትቆጣ እኔን እንኳ ስድብ ታወርድብኛለች እንጂ ብረት አታነሣም።»

«ሰኞ መኪናዋ እዚህ ነበረች?»

«እስከ ቀትር ድረስ ሥሯ ተኝቼ ነበር። ስጨርስ ቀብር ሄድኩ። ማታ ስመለስ ቆማለች።»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ መካኒኩ ወደ ሥራው ሲመለስ በአጥሩ በኩል አንድ ደስተኛ ፊት ብቅ አለ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰው ነው፤ ኤሌትሪስታው። የመካኒኩ ልጅ ባል ሲሆን አጠገቡ የባትሪና የመብራት ሱቅ አለው።

«ጋሼ፣ ስለ ጌጁ ከሆነ እኔን ይጠይቁኝ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ጎማ ሲያድግ ጌጅ ይዋሻል፤ ፍጥነቱንም ኪሎ ሜትሩንም ያሳንሳል። የቢሮው ትዕዛዝ ላይ ‹ጌጅ ይስተካከል› ይላል። ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።»

«መስተካከሉን በምን አወቅክ?»

«ፈትኜዋለኋ! ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ገጠምኩና ይዣት ወጣሁ። በዋናው መንገድ እስከ ሠላሳኛው ድንጋይ ሄጄ ተመለስኩ። ሠላሳ መሄጃ፣ ሠላሳ መመለሻ። ጌጁ ላይ ስልሳ! ፀጉር ታህል አላዛነፈም። ቀስ ብዬ ነድቼ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቆምኳት።» ከዚያ ፊቱን አጠወለገ። «ለሴትዮዋ አዝናለሁ። ግን ሰው እንደሚያወራው ያቺ መኪና ሁለት መቶ ሰማንያ ካለች፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ሄዳለች።»

አባ ቁጥር ይህንኑ በገዛ እጁ ጽፎ እንዲፈርም ጠየቀው። ሰውዬው በደስታ ጻፈ፤ ጽሑፉም ያምር ነበር። ከዚያ ኢንስፔክተሩ የስምሪት መዝገቡን ከፈተ። መኪናዋ ጋራዥ ስትገባ 61204፤ ሾፌሯ ማክሰኞ ጠዋት ስትረከባት 61264። ልክ ስልሳ። ቁጥር ሲገጥም ደስ ይለው የነበረ ሰው ያን ዕለት ከፋው።

የሟቹ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ በር ላይ ባለችው የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ጥቁር ጨርቅ ትሰፋለች፤ የራሷን የሐዘን ልብስ። ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ እግሯን ከመርገጫው አላነሣችም።

«ገዳይዋን ይዘናል ብለው ነበር። ምን ቀራችሁ?»

«ቁጥር ቀረን» አላት። «አባትሽን መጨረሻ ያነጋገርሽው መቼ ነው?»

«እሑድ። ሁሌ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይደውልልኛል። ሰኞ አልደወለም። እኔ ብደውል ይጠራል፤ የሚያነሣው የለም።»

«ሰኞ? ወይስ ማክሰኞ?»

ስፌቱን አቆመች። «መጀመሪያ የመጣውም ፖሊስ እንደዚሁ አለኝ። ሰኞ ስለው ‹ማክሰኞ ማለትሽ ነው› አለና ማክሰኞ ብሎ ጻፈ። እኔ ቀን አይጠፋኝም። ሰኞ የተማሪ ዩኒፎርም የማስረክብበት ቀን ነው።» ስልኳን ፊቱ አስቀመጠች። ሰኞ ማታ፣ አምስት ጥሪ፣ ያልተመለሰ። «አባቴ ሞቷል። ደግሞ የሞተበትን ቀን ትሰርቁኛላችሁ? የተሳሳተ ሰው አስራችሁ ጨረስን እንዳትሉኝ። አልቀበላችሁም።»

አባ ቁጥር አምስቱን ጥሪ አንድ በአንድ ጻፈ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከአምስት፣ የመጨረሻው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። «ስለ ጄኔሬተሩ ነግሮሽ ያውቃል? ታንኩ ሲሞላ ስንት ሰዓት ይሠራል?»

«ሃያ ሰዓት። ‹ከእኔ በላይ ጉልበት አላት› ይል ነበር። በየጠዋቱ ባትሪውን ሞልታ ስትጠፋ ታንኳን ይሞላላት ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። ሲወጣ ለልጅቱ ባርኔጣውን አነሣ፤ እንዲህ የሚያደርገው ለጥቂት ሰው ነው።

አዛዡ የስልኩን ነገር ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ስልኩን ጥሎ ተኝቶ ይሆናል። ሰኞማ ማማው እየሠራ ነበር! ባትሪ ተነቅሎ ማማ ይሠራል? ጋሼ፣ በእኔ ይሁንብዎ፣ ግትርነቱን ይተዉት። ነገ ስድስት ሰዓት።»

«ነገ ስድስት ሰዓት» አለ አባ ቁጥር፤ ደረጃውንም ወርዶ ወደ ሾፌሯ ገባ። አሥራ አራት ደረጃ።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አላት። «ስለ መታጠፍ አይደለም። ስለ መንዳቱ።»

በጥርጣሬ አየችው። «ምን ይነገራል? መካኒኩ ስልሳ ላይ ያዢ አለኝ፤ ስልሳ ላይ ያዝኩ። መርፌው ከስልሳ ንቅንቅ አላለም።»

«ደስ ትላለች?»

«ጉልበቷ ደስ ይላል። ግን...»

«ግን ምን?»

«ይስቁብኛል።»

«እኔ የምስቀው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው።»

«ድንጋዮቹ ዘገዩብኝ» አለች። «የኪሎ ሜትሩ ድንጋዮች። በስልሳ ስነዳ በየደቂቃው አንድ ድንጋይ ነው። ሃያ ዓመት የለመድኩት ነው፤ ሰዓት አላይም፣ ሰውነቴ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን አሁን ይመጣል ስል አይመጣም። ደክሞኛል ማለት ነው ብዬ ተውኩት። ለአለቃዎ ደግሞ ‹ድንጋይ ዘገየብኝ› ብለው ለእብደት ሐኪም ነበር የሚልከኝ።»

አባ ቁጥር ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ።

«በስንት ዘገየ?»

«ድንጋይ በድንጋይ አሥር ሰከንድ ያህል።»

«ያህል?»

«አሥር» አለች እያየችው። «አሥር ሰከንድ።»

ስልሳ ሰከንድ የነበረው ሰባ ሆኗል። ሁለት መቶ አርባ የነበረው ሁለት መቶ ሰማንያ። ኢንስፔክተሩ በደብተሩ ጥግ አካፈለ፤ ሁለቱም ስድስት ለሰባት ናቸው። አንድም አልተረፈም፣ አንድም አልጎደለም። ያቺ የጠፋች አራት ኪሎ ሜትር መጀመሪያም አልነበረችም።

መካኒኩን ወደ ጣቢያው ግቢ ያስጠራው ወዲያው ነው። ነጯ መኪና ከግንቡ ሥር ቆማለች። ሽማግሌው ከሾፌሯ ወንበር ሥር ጋደም ብሎ በባትሪ መብራት ወደ ላይ አበራ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ።

«ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?»

ከጌጁ ጀርባ በሚገባው ሽቦ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ጥቁር ሳጥን ታስራለች።

«ምንድን ናት?»

«ማረሚያ ናት። ጎማ ብቻ ለተቀየረለት መኪና ትገጠማለች። ኪሎ ሜትሩን ከፍ ታደርጋለች።» ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ በጣቱ አቧራው ላይ ክብ ሣለ። «እንዲህ ነው። ጌጁ ጎማውን አያይም። ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ ዙር ነው የሚቆጥረው። ጎማው ሲተልቅ መኪናዋ በዚያው ዙር ሩቅ ትሄዳለች፤ ጌጁ ያሳንሳል። እሺ? እኔ ግን ጥርሱን ስቀይር ዘንጉ ለአንድ የጎማ ዙር ብዙ እንዲዞር አደረግኩት፤ ጌጁ ያበዛል። ያ የወሰደውን ይሄ መለሰው። ጥርሱን ስመርጥ ለዚሁም ብዬ ነው የመረጥኩት። ልክ ነበረች! ማንም ሳይነካት ልክ ነበረች!»

«አሁን በላዩ ላይ ሳጥኗ ሲጨመርባት?»

«የታረመ ነገር ሲያርሙት ይበላሻል። ስድስት ሄዳ ሰባት ትላለች።» ቡጢውን ጨበጠ። «ምነው አንዴ ቢጠይቀኝ! ለጎማ ብቻ ለምዶ፣ በልማዱ ገጠመው። ደግሞ እኮ አንድ ድንጋይ እንኳ አልፎ ቢያየው...»

እዚህ ላይ አፉን ያዘ። አባ ቁጥር አልረዳውም። ሽማግሌው የሣለውን ክብ በመዳፉ አጠፋው።

«የልጄ ባል ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ጥርሱ ግን የእኔ ነው። ጥርሴ ዋሸ ተብሎ ሴት አትታሰርም። የጠየቁኝን ሁሉ እፈርማለሁ።» ፈረመ።

ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሩ አዛዡን፣ ኤሌትሪስታውንና ሾፌሯን ጋራዡ ፊት፣ ዜሮው ድንጋይ ጋ አሰለፋቸው። ለኤሌትሪስታው የተነገረው ለፋይሉ ማሟያ ሙከራውን ደግሞ እንዲያሳይ ነው። ፀጉሩን አበጥሮ መጥቷል። አባ ቁጥር የሾፌሯን ካቴና ፈታና ኪሱ ከተተው።

«እሷ ናት የምትነዳው?» አለ አዛዡ።

«መኪናዋን የምታውቃት እሷ ናት።»

«ብታመልጥስ?»

«በስልሳ?» አለች ሾፌሯ፤ ወንበሩን ወደፊት እየሳበች።

ኤሌትሪስታው ከጎኗ፣ ሁለቱ ፖሊሶች ከኋላ ተቀመጡ። አዛዡ አንገቱን አስግጎ ጌጁን እንዲያነብ፣ ኢንስፔክተሩ ድንጋዮቹን እንዲጠራ ተስማሙ። መኪናዋ እንደ ታዛዥ በሬ ቀስ ብላ ወጣች።

«አንድ» አለ አባ ቁጥር።

«አንድ... አንድ አልፏል» አለ አዛዡ።

«ሁለት።»

«ሁለት አልፏል፤ እንዲያውም...»

«ያንብቡ ብቻ።»

ስድስተኛው ድንጋይ በመስኮቱ አለፈ። «ስድስት» አለ አባ ቁጥር።

አዛዡ ዓይኑን አሸ። «ሰባት» አለ።

ኤሌትሪስታው ሣቅ ብሎ፣ «ድንጋዮቹ ያረጁ ናቸው፤ አንዱ ተነቅሎ ይሆናል» አለ። ሾፌሯ ከንፈሯን ነክሳ መንገዱን ታያለች፤ ዓይኗ ግን ሞልቷል። ድንጋዮቹ እንደዚያን ቀን እየዘገዩ ነበር፤ አሁን ግን ብቻዋን አልነበረችም።

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ አራት» አለ አዛዡ፤ ድምፁ ተለውጧል። «መቶ ሃያ ሄዳ መቶ አርባ ትላለች ማለት ነው። ሁለት መቶ አርባ ሄዳ...»

«ሁለት መቶ ሰማንያ» አለች ሾፌሯ።

«አቁሚ» አላት ኢንስፔክተሩ።

የቆሙት መገንጠያው አፍ ላይ ነው። በስተቀኝ ቀዩ መንገድ ወደ ማማው ይወጣል። አባ ቁጥር ያን በሚያምር ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ዘረጋ።

«ሳጥኗን ገጥመህ፣ እስከ ሠላሳኛው ድንጋይ ሄደህ ተመለስክ። እንዲህ ነው የፈረምከው?»

«አዎ... እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል ጋሼ፣ ለጎማው ነው ያረምኩት...»

«መሳሳትህንማ አየነው። ሰው ይሳሳታል። ግን አንድ ጊዜ ብትፈትናት ኖሮ እስከ ስድስተኛው ድንጋይ ሳትደርስ ታውቀው ነበር። እስከ ሠላሳው ሄደህ ብትመለስ ሰባ ትልህ ነበር። መዝገቡ የሚለው ስልሳ ነው። ስልሳ የቆጠረችው ሳጥኗ ሳትገባ፣ ልክ በነበረችበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አልፈተንካትም። ይዘሃት የሄድክበት ሌላ ቦታ ነው፤ ስልሳውን ለመሸፈን የሠላሳኛውን ድንጋይ ተረት ፈጠርክ፤ ማታ መጥተህ በጥድፊያ ሳጥኗን ገጠምክ። ከጋራዡ እስከዚህ መገንጠያ አሥራ ሁለት ነው። ከዚህ እስከ ማማው አሥራ ስምንት። ስንት ሆነ?»

የመለሰው አዛዡ ነው፤ በሹክሹክታ። «ሠላሳ።»

«ማማው ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው የጠፋው። የጄኔሬተሩ ታንክ ሃያ ሰዓት ይሠራል። ወደኋላ ቁጠር፤ ሰኞ ከሰዓት አሥር ሰዓት ከሃያ። ተራ ሌባ ሽቦ ቆርጦ ይሄዳል፤ ማማው እዚያው ይጠፋል፤ ሰው ይመጣበታል። አንተ ግን ሙያህ ነው። ጄኔሬተሩን አስነሥተህ፣ ማማው ሳይጠፋ ባትሪውን ነቀልክ። ነዳጁ እስኪያልቅ ሬሳው ብቻውን አደረ። ኋላ ደግሞ የአንተ ስህተት ይቺን ሴት አሳሰረ፤ አንተም አይተህ ዝም አላልክም፣ መጥተህ መሰከርክባት።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሰውዬው የተበጠረ ፀጉሩን በሁለት እጁ ያዘ። «ጠባቂው ይተኛል ብዬ ነበር» አለ። «ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይተኛል ብለውኝ ነበር። መጥቶ ስሜን ጠራኝ። ስሜን ባይጠራኝ ኖሮ...»

«ብረቱ የት ነው?»

«ከማማው ሥር፣ ገደሉ ውስጥ። ባትሪዎቹ ሱቄ ጓዳ ናቸው።»

አባ ቁጥር ካቴናውን ከኪሱ አወጣና ከሾፌሯ የፈታውን በእሱ እጅ ላይ ቆለፈው። ሁለት ጊዜ ቀጭ አለ።

አዛዡ ማንንም ሳያይ፣ «ወደ ማማው ውሰጂን» አለ።

ሾፌሯ ሞተሩን አስነሣች፤ መኪናዋን ግን አላንቀሳቀሰችም። ሁለቱን እጆቿን መሪው ላይ አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ አዛዡን አየችው።

«መጀመሪያ ይጻፉልኝ» አለች።

«ምን ልጻፍ?»

«ዛሬ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሾፌሯ ወደ ማማው ታጠፈች። ለመጀመሪያ ጊዜ። ሳይጻፍ አልታጠፍም።»

አዛዡ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ። አባ ቁጥር በመስኮቱ ወደ አሥራ ሁለተኛው ድንጋይ ይመለከት ነበር። አዛዡ እስክሪብቶ አወጣ፤ ቃል በቃል ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱንም ወደፊት አቀበላት። አነበበችው፤ አጥፋ የደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

መንገዱ ላይ ከፊትም ከኋላም አንድ መኪና አልነበረም። እሷ ግን ፍሬቻ አበራችና ወደ ቀኝ ታጠፈች።